ለጳጉሜን የተላኩ ሽማግሌዎች

እንጅባራ፣ ሰኔ 8 ቀን 2007 ዓ.ም.

ይድረስ ፊንላንድ ለምትኖረው ለዘመዴ ለወገኔ ልጅ ለሕይወት፤

እንደምን ከርመሻል? በሰው አገር ከክፉ ዓይን የሚጋርድ አምላክ ይጋርድሽ፤ መውጣት መግባትሽን ይባርክልሽ። እኛ በቸርነቱ አለን። ክረምቱ ከወዲሁ ከብዶ እንጅባራን ጭጋግ ውጧታል፤ ባጃጁ ሁሉ ጭቃ ውስጥ ተተክሎ ይውላል።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልነሣ። ሒሳብ ማስተማሩን ትቼ ጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ከገባሁ ወዲህ የሕመምተኛውን ቀጠሮ በወረቀት ስንጽፍ ስንሰርዝ ነበር የምንውለው። የዚህን የኮምፒውተር የቀጠሮ ፕሮግራም ወሬ ያመጣሽልኝ አንቺ ነሽ። በነጻ ነው፣ ኮዱ ለማንም ክፍት ነው፣ ስህተት ያገኘ ሰው ከየትም አገር ማስተካከያ ይልካል፣ ሌሎች ይገመግሙታል፣ ካለፈ በሚቀጥለው ዕትም ይገባል አልሽኝ። አመንሁሽ። የጤና ጣቢያችንን ኃላፊ ሲስተር ስሜነሽን ለምኜ፣ ተሟግቼ ወረቀቱን አስጣልኋት። «ስህተት ቢመጣ በእኔ» ብያለሁ፤ ይህን ሲሰማ የነበረ ብዙ ሰው አለ።

ስህተቱ መጣ። ዘንድሮ ዘመነ ሉቃስ ነው፤ ጳጉሜን ስድስት ቀን አላት። ፕሮግራሙ ግን አምስት ብቻ ሰጥቷት ስድስተኛዋን ለከርሞ ለዮሐንስ አስቀምጧታል። ፈረንጆቹ የራሳቸውን የአራት ዓመት ስሌት እንዳለ ገልብጠውብን መሆን አለበት። እንዲህ ከሆነ ከመስከረም ወዲህ የሚታተም ቀጠሮ ሁሉ አንድ ቀን ይዘገያል። ዓርብ መምጣት ያለባት ቅዳሜ ትመጣለች፤ ቅዳሜ ደግሞ መድኃኒት ቤታችን ዝግ ነው። ግምጃ ቤት ከሚባል መንደር በእግሯ የምትመጣ በቀለች የምትባል ሴት አለች። የሚጥል በሽታዋን ያስታገሰላት ክኒን የሚያልቀው በቀጠሮዋ ቀን ነው። መጥታ በሩ ተዘግቶ ብታገኝ እስከ ሰኞ ያለ ክኒን ምድጃ ሥር ልትቀመጥ ነው፤ ቢጥላት እሳት ውስጥ ነው።

ማስተካከያውን ሠርቼ በፕሮግራሙ የኢንተርኔት ገጽ ላክሁ። አንቺም ከገምጋሚዎቹ አንዷ ነሽና በገጹ ላይ በእንግሊዝኛ መለስሽልኝ፤ «ውድ ተሳታፊ፣ ስላደረጉት አስተዋጽኦ እናመሰግናለን፤ ገና ብዙ ሥራ ይቀረዋል» ብለሽ። ተሳታፊው ማን ነው? አላወቅሽኝም ወይስ ማወቅሽ እንዲታወቅብሽ አልፈለግሽም? ለዚህ ነው በገጹ ትቼ በኢሜይል የጻፍሁልሽ።

መልስሽን አታዘግዪብኝ። እግዚአብሔር ይጠብቅሽ።

ደርበው

ታምፐሬ፣ ሰኔ 14 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለጋሼ ደርበው፤

ጤናዎ እንዴት ነው? የባለቤትዎ የእትዬ ሙሉነሽ ወገብስ ተሻላቸው? የእናንተን ጤና የሰጠ አምላክ የተመሰገነ ይሁን። እኔ ደኅና ነኝ። እዚህ በዚህ ወራት ፀሐይዋ አልጠልቅ ብላ እንቅልፍ ነሥታናለች።

ጋሼ፣ በገጹ ላይ ለሁሉም ሰው እንዲያ ነው የምንጽፈው፤ በክፉ አይተርጉሙብኝ። ስለ ጳጉሜን ያሉት ልክ ነው፤ እኔም አረጋግጫለሁ። ግን የላኩት ማስተካከያ ውስጥ የካርዱን ቀለም ቀይረዋል፣ «የቤተሰብ ስም» የሚለውን ቦታ አጥፍተዋል፣ ፊደሉን አሳድገዋል፣ የአባት ስም ከራስ ስም ቀጥሎ እንዲመጣ አድርገዋል። በአንድ ጆንያ ጤፉንም በርበሬውንም ከተው ልከውልኛል። የእኛ ደንብ አንድ ማስተካከያ አንድ ጉዳይ ብቻ ይያዝ ይላል፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላውን ሳይነኩ ለማውጣት እንዲመች ነው። እባክዎ ለያይተው ይላኩልኝ።

እያንዳንዱን ሁለት ሰው ገምግሞ መቀበል አለበት። አዲስ ነገር የምንቀበለው እስከ ነሐሴ 5 ነው፤ ዕትሙ የሚወጣው ነሐሴ 20 ነው። የዘንድሮው ዕትም ኃላፊ እኔ ብሆንም ቀኑን ማስጠበቅ እንጂ መለወጥ አልችልም።

አንድ ነገር ልለምንዎ። በገጹ ላይ ዝምድናችንን አያንሡብኝ። ምክንያቱን ሌላ ጊዜ እነግርዎታለሁ።

ልጅዎ ሕይወት

እንጅባራ፣ ሐምሌ 2 ቀን 2007 ዓ.ም.

ይድረስ ለሕይወት ወገኔ፤

ሰላምታዬ ባለሽበት ይድረስሽ። የሙሉነሽ ወገብ እንደነበረ ነው፤ ስለጠየቅሽ አመስግናለች።

«ዝምድናችንን አያንሡብኝ» ያልሽው ከንክኖኛል። ሰው ዘመዱን የሚደብቀው ሲያፍርበት ነው፣ አለዚያም ሲጠላው። እኔ የማሳፍር ሰው አይመስለኝም። ታዲያ አባትሽ ጽፎልሽ ይሆን? አምና ወንድሜ ከምለው ከአባትሽ ከወገኔ ጋር በዲከረንሱ ዛፍ ድንበር መጣላታችንን ታውቂያለሽ። ዛፉ ተቆርጦ፣ ከስሎ፣ አዲስ ቅዳም ተሽጦ አልቋል፤ ቂሙ ግን እንዳለ ነው። ዳንግላ ሄጄ በደጁ ሳልፍ በሩን ዘጋብኝ። አሁን ልጁም ባሕር ማዶ ሆና በሩን የምትዘጋብኝ ከሆነ በግልጽ ንገሪኝ።

እንዳልሽኝ ለያየሁት። ቀለሙ ሳምንት ሳይሞላው አለፈ። ፊደሉም አለፈ። የቤተሰብ ስሙንማ ሦስት ሰው አመስግኖልኛል። ጳጉሜን ብቻ በር ላይ ቆማለች፤ የሚጠይቃትም የለ። የማያስፈልገው ገብቶ የሚያስፈልገው ሲቀር አንቺ ብትሆኚ ምን ትያለሽ? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ።

እኔ በራሴ ኮምፒውተር ላይ ማስተካከያዬን መጫን እችላለሁ፤ ማንም አይከለክለኝም። ነገር ግን የዳንግላው፣ የአዘናው፣ የአዲስ ቅዳሙ ጤና ጣቢያ የሚቀበለው ዋናውን ዕትም ብቻ ነው። ሕመምተኛው ደግሞ ካርዱን ይዞ ከአንዱ ወደ አንዱ ይሄዳል። የእኔ ካርድ አንድ ቀን፣ የእነሱ ሌላ ቀን ቢል ጉዱ ይብሳል።

ስለዚህ ማስተካከያ የማስገቢያውን ፈቃድ ለራሴ ስጪኝ። ቁልፉ ያለው አንቺ ዘንድ መሆኑን ገጹ ላይ አንብቤያለሁ። ራሴ አስገባዋለሁ፤ አንቺም ከነገሩ ትወጫለሽ።

ደርበው

ታምፐሬ፣ ሐምሌ 27 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለጋሼ ደርበው፤

ሰላምዎ ይብዛ። ስለዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ፈቃዱን ልሰጥዎ አልችልም። የራሱን ሥራ ራሱ የሚያስገባ ማንም የለም፤ እኔም ብሆን። የጳጉሜንን ማስተካከያ እኔ አይቼዋለሁ፤ ሁለተኛ ገምጋሚ ግን አልተገኘም። አባቴ ምንም አልጻፈልኝም። እባክዎ ትንሽ ይታገሡኝ።

ሕይወት

እንጅባራ፣ ነሐሴ 3 ቀን 2007 ዓ.ም.

ይድረስ ለሕይወት፤

የጾሙን ወራት በሰላም ያስፈጽምሽ።

ያን ሁሉ ቀን ጠብቄ የደረሰኝ ደብዳቤ ከመዳፍ አይሰፋም። «እኔ አይቼዋለሁ» ትያለሽ፤ ተቀብዬዋለሁ ግን አላልሽም። «አባቴ ምንም አልጻፈልኝም» ትያለሽ፤ ስለ አባትሽ ያን ያህል ምን አስቸኮለሽ? እንግዲህ እኔም አሰብሁበት። በእኛ አገር አንድ ሰው ጠይቆ እምቢ ሲባል ተናዶ አይቀርም፤ ሽማግሌ ይልካል። እኔም ላክሁብሽ።

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ መሪጌታ ይሄነውን፣ አቶ አስማረንና አቶ መሳፍንትን ይዤ ኢንተርኔት ቤት ገባሁ። ሦስቱም ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም። ለእያንዳንዳቸው አካውንት ከፈትሁላቸው። ኔትወርኩ እየሄደ እየመጣ ብዙ አስጠበቀን፤ ጋቢያቸውን እንደለበሱ አግዳሚው ላይ በትዕግሥት ተቀመጡ። ከዚያ እየተናገሩ እኔ ወደ እንግሊዝኛ እየመለስሁ በማስተካከያው ሥር ጻፍሁላቸው። መሪጌታ ፕሮጀክቱን ከነሠራተኞቹ መርቀው ጳጉሜንን እንድትቀበሏት ለመኑ። አስማረ «ከደጃችሁ አንነሣም» አለ። መሳፍንት ደግሞ «ሕይወት የእኛው ልጅ ናት፤ የደርበው የአጎቱ ልጅ ልጅ ናት፤ ዘመድ በዘመዱ አይጨክንም» አለ።

እኔ ዝምድናችንን አላነሣሁም። ቃሌን ጠብቄያለሁ፤ ያነሣው መሳፍንት ነው።

እንግዲህ ሽማግሌ የሚያሳፍር ልጅ ከሆንሽ እናያለን።

ደርበው

ታምፐሬ፣ ነሐሴ 5 ቀን 2007 ዓ.ም.

ጋሼ፣ ምን አደረጉኝ?

ሰላምታ ሳላስቀድም መጀመሬን አውቃለሁ፤ ይቆጡኝ። እኔም ተቆጥቻለሁ።

እዚህ ያሉት ሰዎች ሽማግሌ አላዩም። ያዩት በአንድ ቀን ከአንድ ኮምፒውተር የተከፈቱ ሦስት አዲስ አካውንቶች ነው፤ የሦስቱም እንግሊዝኛ የአንድ ሰው፣ የሦስቱም ጥያቄ አንድ። በእኛ ሥራ ይህ የታወቀ ማጭበርበር ነው፤ አንድ ሰው ብዙ ስም አውጥቶ ደጋፊ ያስመስላል። መሪጌታን «እውነተኛ ሰው ናቸው» ብዬ ማንን ላሳምን? የሦስቱም የእርስዎም አካውንት ተዘጋ። የጳጉሜን ማስተካከያ «አጠራጣሪ» ተብሎ ወደ ጎን ተቀመጠ።

በዚያ ላይ አቶ መሳፍንት የጻፉት አለ። ኤሊና የምትባል ባልደረባዬ ሁሉም በሚያነብበት ቦታ «ይህ ሰው ዘመድሽ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልሁ።

አሁን ምክንያቱን ልንገርዎ፤ ሳልነግርዎ መቆየቴ ነው ይህን ሁሉ ያመጣው። ደንባችን ገምጋሚ የዘመዱን ሥራ አይመለከትም ይላል። ዝምድናችንን ብናገር ኖሮ ከማስተካከያዎ መራቅ ነበረብኝ። እኔ ከራቅሁ ማን ያየዋል? እዚህ ጳጉሜን ማለት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የለም። አሥራ ሦስተኛ ወር አለ ስላቸው የምቀልድባቸው ይመስላቸዋል። ማንም ሳያየው ከሚቀር እኔ ልየው ብዬ ደበቅሁት። አፍሬብዎ አይደለም። ከአባቴ ጋር ያለው ጠብም በሕልሜ አልመጣም።

«ተቀብዬዋለሁ» ያላልሁትም ለዚህ ነው። እጄ ወደ «ተቀብያለሁ» አዝራር ይሄድና ይመለስብኝ ነበር። ዘመዴ ስለሆኑ ይሆን የወደድሁት እያልሁ ራሴን ጠረጠርሁ።

ዛሬ የዕትሙን ኃላፊነት ለኤሊና አስረክቤያለሁ። ዕትሙ ነሐሴ 20 ያለ ጳጉሜን ይወጣል። በቀለችን አደራ።

ሕይወት

እንጅባራ፣ ነሐሴ 24 ቀን 2007 ዓ.ም.

ይድረስ ለሕይወት፤

አምላክ ከጎንሽ አይለይ።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብሁት። መሪጌታ «ልጅቱ ምን መለሰች?» እያሉ በየእሑዱ ይጠይቁኛል። «እያሰበችበት ነው» እላለሁ፤ «ሌባ ተባላችሁ» ልበላቸው?

ዕትማችሁ ወጣ። አየሁት፤ የእኔ ቀለም አምሮበታል። ሲስተር ስሜነሽ የወረቀቱን ካርድ ከመጋዘን አስወጥታ ጠረጴዛዬ አጠገብ አስቀምጣዋለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። በቀለች ዓርብ ዕለት ክኒኗን ልትወስድ መጥታ ነበር፤ በአገውኛ «ቀጠሮዬን ጻፍልኝ» አለችኝ። ካርዱን ከማሽኑ አውጥቼ በእስክሪብቶ ሰርዤ ጻፍሁላት። እሷስ እኔ አለሁላት፤ አዘና ላለው ሕመምተኛ ማን ይሰርዝለታል?

አሁን ግን ሌላ ነገር መጥቷል። ያቺ ኤሊና ያልሻት ሴት አካውንቴን ከፍታ ጻፈችልኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አልሁ በሆዴ። አታውቀኝ አላውቃት፤ «የኢትዮጵያን ቀን ወደ ፈረንጅ መልሰህ ቀይረውና ምን እንደሚወጣ ንገረኝ» ትለኛለች። አንቺ ነሽ የላክሻት? ወዳጅሽ ናት? ወይስ እንደገና ልታስቀልድብኝ ነው? አንድ ጊዜ የተዘጋበት ሰው በሩ ሲከፈትም ይፈራል።

እልህ ይዞኝ ሞከርሁት። ከፈረንጅ ወደ እኛ ሲቀይር ልክ ነው። ከእኛ ወደ ፈረንጅ ሲመልስ ግን አሮጌው ስህተት እንዳለ ተቀምጧል። ይህን እኔ አላየሁም፤ አንቺም አላየሽም። ያኔ ብትቀበዪው ኖሮ በየጤና ጣቢያው የተሳሳተ ማስተካከያ አስገብተን ነበር። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

አርሜ ልኬላታለሁ። ምን ልታደርገው እንደሆነ ግን አላምናትም።

ደርበው

ታምፐሬ፣ ነሐሴ 28 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለጋሼ ደርበው፤

እንኳን ለዘመን መለወጫው ዋዜማ አደረሰዎ። እትዬ ሙሉነሽንም እንኳን አደረሰዎ ይበሉልኝ።

ኤሊና ወዳጄ አይደለችም። በሁሉም ፊት የጠየቀችኝ እሷ ናት፤ ከኃላፊነት እንድነሣ የጻፈችውም እሷ ናት። ከዚያ ወዲህ ሰላምታዋም ቀዝቅዟል። ስለ እርስዎ አንድም ቃል አልነገርኋትም፤ እንዳልናገርም ተከልክያለሁ። ግን የኢትዮጵያን አቆጣጠር ከመጽሐፍ ፈልጋ ተቀምጣ አጠናችው። ለእርስዎ ብላ አይደለም፤ ለእኔም ብላ አይደለም። ስህተት ስለሆነ ነው።

እርማትዎን ተቀብላዋለች። ሁለተኛ ገምጋሚም ከግብፅ ተገኝቷል፤ ቅብጦችም እንደ እኛ ትንሽ ወር አላቸው፤ ዘንድሮ ስድስት ነው የሚያደርጓት። ሰውየው ሲያነብበው «ይህ እስከ ዛሬ እንዴት ሳይታይ ቀረ?» አለ። ጳጉሜን 3 ለዚህ አንድ ስህተት ብቻ ተብሎ ትንሽ ዕትም ይወጣል። እኔ የለሁበትም፤ እንደማንኛውም ሰው ገጹን እየከፈትሁ ነው የማየው።

ስህተቱን እኔም ስላላየሁት አፍሬያለሁ። ዓይኔ ሥራውን ትቶ እርስዎን ሲያይ ነበር መሰለኝ።

ልጅዎ ሕይወት

እንጅባራ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2008 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሕይወት፤

በአዲሱ ዓመት ያሰብሽው ይሙላልሽ፤ ክፉ አይንካሽ። ሙሉነሽ ስማ ልካልሻለች፤ ወገቧም ጥቂት ለቀቅ አድርጓታል።

ስለዘገየሁ አትቀየሚኝ። ጳጉሜን 3 ኔትወርክ አልነበረም፣ በማግሥቱም አልነበረም። በመጨረሻ ኔትወርኩ ሲመጣ ዕትሙን በፍላሽ ይዤ ሚኒባስ ተሳፍሬ ዳንግላ ወረድሁ፤ አዘናና አዲስ ቅዳምም ራሴ ሄጄ ጫንሁላቸው። ጳጉሜን 6 ቀን ሲስተር ስሜነሽ ከጀርባዬ መጥታ ስክሪኑ «ጳጉሜን 6» ማለቱን ቆማ አየች። በማግሥቱ መስከረም አንድ አለ። የወረቀቱን ካርድ ተሸክማ ወደ መጋዘን መለሰችው። በቀለች ዓርብ መጥታ ክኒኗን ወስዳ ሄደች። ምንም አላወቀች፤ እንዲያውም ተራዬን ዘግይተህ ጠራኸኝ ብላ ተቆጣችኝ።

አሁን የምነግርሽ ግን ሌላ ነው። ኤሊና የኢትዮጵያን ቀን የሚነካ ሥራ ሁሉ በእኔ እንዲታይ ብላ ገምጋሚ አድርጋኛለች። ማስገቢያውን ፈቃድ ሰጡኝ፤ ያኔ አንቺን የጠየቅሁሽን። መጀመሪያ የተጠራጠርሁት አሁንም እሷን ነው፤ ምን አስባ ነው አልሁ። ከዚያ ለግምገማ የቀረበልኝን የመጀመሪያውን ሥራ ከፈትሁ። የላኪው ስም ሕይወት ወገኔ ይላል።

አነበብሁት። የዓመት በዓላቱን ቀን ያስገባሽበት ነው፤ ጥሩ አድርገሽ ሠርተሽዋል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ጥርጣሬ አለኝ፤ የትኛው እንደሆነ ግን አልነግርሽም። «ተቀብያለሁ» የሚለው አዝራር ፊት ለፊቴ ነበር። መሳፍንት አጠገቤ ተቀምጧል፤ «ተጫነዋ፣ ልጅህ አይደለችም?» አለኝ። መሳፍንት መቼም አይማርም።

አልተጫንሁትም። ሁሉም በሚያነብበት ቦታ በእንግሊዝኛ እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦ «ይህች ሕይወት የወንድሜ የወገኔ ልጅ ናት፤ የእኔም ልጅ ናት። ስለዚህ እኔ አልፈርድላትም፤ ሥራዋን ሌላ ሰው ይይላት።»

ደርበው